ተነቅሎ የተተከለ የጸሎት ቤት

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናቀርብላችሁ የጸሎት ቤትን ከአንድ ቦታ ነቅሎ በሌላ ቦታ ስለ መትከል ይሆናል። ሰው አገሩን ለቆ ሲሄድ ልብሱንና መጽሐፉን ይዞ ሊሄድ ይችላል። አባቶቹ የጸለዩበትን ቤት ግን ምን ያደርገዋል? ይህ ጥያቄ እዚህ በቂርያት ጋት የምንኖረውን የቤተ እስራኤል ልጆች ሁሉ የሚመለከት ነው።

እንደሚታወቀው በኦሪት የተነገረለት የመጀመሪያው የጸሎት ቤት ራሱ የሚነቀልና የሚተከል ነበር። ድንኳኑ 48 ሳንቃዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ሳንቃ ቁመቱ 10 ክንድ ነው። ሕዝቡ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲጓዝ ሌዋውያን ሥራውን ተከፋፍለው ነበር። የጌድሶን ልጆች መጋረጃውን በ2 ሰረገላ፣ የሜራሪ ልጆች ሳንቃውንና ምሰሶውን በ4 ሰረገላ ያጓጉዙ ነበር። ለቀዓት ልጆች ግን ሰረገላ አልተሰጣቸውም። የተቀደሰውን ዕቃ የሚሸከሙት በትከሻቸው ነበርና። ለሜራሪ ልጆች በተሰጠው ትእዛዝ ደግሞ የሚሸከሙት ዕቃ ሁሉ በየስሙ እንዲቆጠር ታዝዟል።

ይህ በየስሙ መቁጠር የሚባለው ነገር ዛሬም የዚህ ሥራ መሠረት ነው። ባለሙያዎች አሮጌ ሕንፃ ሲያዛውሩ አስቀድመው ይለኩታል፣ ይሥሉታል፣ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ እንጨትና ድንጋይ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። ሲነቀል ከጣሪያው ይጀመራል፤ ሲተከል ግን ከመሠረቱ ነው። ቁጥሩ የጠፋበት እንጨት ማገዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የት እንደነበረ የሚያውቅ የለምና።

አሁን ወደ አገራችን ወደ እስራኤል እንምጣ። በኢየሩሳሌም ከተማ በሂሌል መንገድ የኢጣሊያ አይሁድ ቤት ክኔሴት ይገኛል። የውስጥ ዕቃው የተሠራው ግን በኢየሩሳሌም አይደለም። በሰሜን ኢጣሊያ፣ ከቬኔሲያ ከተማ በስተሰሜን፣ ኮኔሊያኖ ቬኔቶ በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ ነው። ጸሎት ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1701 ነው። በከተማዋ የነበሩት አይሁድ እየተመናመኑ ሄደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤቱ ባዶ ሆኖ ነበር። በጦርነቱ ወቅት እዚያ የደረሱ የኦስትሪያ ጦር አይሁድ ወታደሮች ከፍተው ከጸለዩበት በኋላ እንደገና ተዘጋ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1951 ዑምቤርቶ ናሆን በተባሉ ኢጣሊያዊ ተወላጅ ጥረት የውስጥ ዕቃው ተነቅሎ ወደ ኢየሩሳሌም መጣ፤ በ1952ም ተመርቆ ተከፈተ። የኦሪት መጻሕፍት የሚቀመጡበት በወርቅ የተለበጠው አሮን ሃቆዴሽ ከዚያ የመጣ ነው። የኢጣሊያ አይሁድም በአባቶቻቸው ሥርዓት ይጸልዩበታል።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በኬራላ ክፍለ ሀገር፣ በኮቺን ከተማ ካዳቩምባጋም የሚባል ጸሎት ቤት ነበር። የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ጣሪያው በእጅ ተቀርጾ በአበባ ያጌጠ እንጨት ነው። የኮቺን አይሁድ ወደ ጸሎት ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ይህ በእኛም ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። አብዛኞቹ የኮቺን አይሁድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ እስራኤል ዓሊያ አድርገው በየሞሻቩ ሰፈሩ። ሰው ሲሄድ ቤቱ ወና ቀረ፤ ተሸጦም የንግድ ዕቃ መጋዘን ሆነ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የቤቱ የውስጥ እንጨት ተገዝቶ ወደ ኢየሩሳሌም ወደ እስራኤል ሙዚየም መጣ። ከታደሰ በኋላ በ1995 ለሕዝብ ታየ። አሮን ሃቆዴሹ ግን ቀደም ብሎ ተነጥሎ ሞሻቭ ነሃሊም ገብቶ ነበር። ስለዚህ በሙዚየሙ የቆመው ፓሩር ከምትባል ሌላ የኬራላ ከተማ የመጣ አሮን ነው። እንግዲህ አንድ ጸሎት ቤት ሦስት ቦታ ተከፈለ ማለት ነው፤ ግድግዳው በሕንድ፣ ጣሪያው በሙዚየም፣ አሮኑ በሞሻቭ። በሕንድ የቀረው ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ2019 በከባድ ዝናብ ከፊሉ ፈረሰ። የውስጥ እንጨቱ በጊዜው ባይነሣ ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ስናስተያይ አንድ ልዩነት እናያለን። የኢጣሊያው ቤት ዛሬም ይጸለይበታል፤ የኮቺኑ ግን ይጎበኛል። ሙዚየም ዕቃን ከዝናብና ከምስጥ ያድናል፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባል። ጸሎትን ግን ሊያድን አይችልም። ጸሎትን የሚያድን የሚጸልይ ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ የእኛስ? የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ወይም መስጊድ በአብዛኛው በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በሣር የተከደነ ነበር። በጉልላቱ ላይ ሸክላ ይደፋበታል። ኦሪቱ የሚቀመጠው በውስጠኛው ክፍል፣ በቅድስተ ቅዱሳን ነው፤ ወደዚያም ካህናት ብቻ ይገባሉ። መንደሩ ከወንዝ አጠገብ የሚሠራው ለመንጻት ውሃ ስለሚያስፈልግ ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ አንድ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ለጎብኚዎች ይታያል። የሣር ክዳን ግን በየጊዜው ካልታደሰ አይኖርም፤ የጭቃ ግድግዳም ሰው ሲለየው ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ ቁጥር ጽፎ እንጨት የሚነቅል ጊዜ ያገኘ ማን ነበር? በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሕዝብ በ36 ሰዓት ውስጥ ነው የተጓዘው።

ቢሆንም ባዶ እጃችንን አልመጣንም። በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት መጥቷል። የቄሶቻችን ዜማ መጥቷል። በተራራ ላይ ይከበር የነበረው ስግድ መጥቶ በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም በክኔሴት ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። እንደ ቀዓት ልጆች በትከሻ የተሸከምነው ይህን ነው። የቀረው የሜራሪ ልጆች ድርሻ፣ ማለትም ሳንቃውና ምሰሶው ነው።

ያንንም ቢሆን ማዳን የሚቻልበት መንገድ አለ። ቤቱን መንቀል ባንችል መልኩን በየስሙ መቁጠር እንችላለን። ለምሳሌ ካይ ካውፍማን ሸለመይ የተባሉ አሜሪካዊት የሙዚቃ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ኢትዮጵያ ሄደው የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ በቴፕ ቀድተዋል። ድምፅ ተቀድቶ ከተረፈ የቤት መልክም ተሥሎ ሊተርፍ ይችላል። ይህን ሥራ ግን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም።

የምንኖርባት ከተማም በዚህ ረገድ ትምህርት ትሰጠናለች። ቂርያት ጋት እ.ኤ.አ. በ1954 ጊዜያዊ የስደተኞች ሰፈር ሆና ስትጀመር ስሟ ከፍልስጥኤማውያን ከተማ ከጌት ተወሰደ፤ በአቅራቢያዋ ያለው የዔራኒ ጉብታ ጥንታዊቷ ጌት ነው ተብሎ ይገመት ነበርና። በኋላ ግን ምሁራን እውነተኛዋ ጌት ከዚህ በስተሰሜን ባለው በጻፊት ጉብታ እንደነበረች ተስማሙ። ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች ካለፉ ስም እንኳ ቦታውን ሊስት ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ፣ ቄሶቻችሁም በሕይወት ሳሉ ቀርባችሁ ጠይቁ። በመንደራችሁ የነበረው መስጊድ በሩ ወዴት ነበር? ስንት እርምጃ ይሆናል? ምሰሶው ከምን እንጨት ነበር? የፋሲካው በግ የሚታረደው በየትኛው በኩል ነበር? ወንዙስ ስሙ ማን ይባላል? የነገሯችሁን በወረቀት ላይ ሣሉ፣ የመንደሩንም ስም ከሥሩ ጻፉ። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ቢናገሩ ሁለቱንም ጻፉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መስጊድ እንሥራ የሚል ትውልድ ቢነሣ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።