የቁንጮ ጤፍና የምርምር ሥራ አመራር በቢሾፍቱ

የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅና በራሷ ብናኝ የምታፈራ በመሆኗ፣ ዝርያን ከዝርያ ማዳቀል ለረጅም ዘመን የማይቻል ይመስል ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን ተመራማሪው ታረቀ በርሄ አበባዋ በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደምትከፈት ደረሱበት፤ መንገዱም ተገኘ።

በቢሾፍቱ፣ በቀድሞዋ ደብረ ዘይት፣ የምርምር ማዕከሉን የጤፍ ሥራ ለሚመሩት ሌላ ፈተና ቀርቶ ነበር። ዱከም የተባለው ዝርያ ምርቱ ቢበዛም ንጣቱ ገበያውን አላረካም፤ ማኛ የተባለው ደግሞ እጅግ ነጭ ሆኖ ምርቱ ያንሳል። ኩንታል ብቻ የሚቆጥር መሪ ቢሆን ኖሮ ዱከምን ይዞ ሥራው ተፈጸመ ባለ ነበር! እነርሱ ግን የአድአ ገበሬ ጤፍን ለመሸጥም ጭምር እንደሚዘራ አልዘነጉም፤ ስለዚህም ሁለቱን አዳቅለው ቁንጮን በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው አበቁ። ከግኝቱ እስከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ሲያልፍ፣ ሥራው ከአንዱ ተመራማሪ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል።