የባንቧ ውሃና የስም ዝርዝር
(ከከተማችንና ከሠፈራችን ታሪክ)

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የፍሳሽ መስመር ወደ ሠፈራችን እንዲቀጠልልን ማመልከቻ እናስገባ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ ክርክር እንደ ነበረ ይታወሳል። እኔም ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ስላሳለፍኩ፣ ውሃ ወደ ሠፈራችን እንዴት እንደ ገባ የማውቀውን እንድጽፍ የእድሩ ዳኛ አዘዙኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስሕተት ቢገኝበት አንባቢ ያርመኝ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሕዝቡ የሚጠጣው ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ እየተቀዳ ነበር። የባንቧ ውሃ መጀመሪያ የታየው በ1886 ዓ.ም. ገደማ ነው። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ከእንጦጦ ሥር ውሃ ጠልፎ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አስገባ። ግቢው ከጉብታ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው ውሃ ሽቅብ ይወጣል ብሎ አላመነም ነበር። ምሥጢሩ ግን ምንጩ ከግቢው በላይ መሆኑ ነው። ከከፍታ የወረደ ውሃ በተዘጋ ባንቧ ውስጥ ከሆነ ጉልበት አለውና መልሶ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ ተሠሩ። በ1963 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በትዕዛዝ ቁጥር 68 ተቋቋመ። የድሬ ግድብ የተጨመረው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ የአቃቂም የጉድጓድ ውሃ አለ። ይህ ሁሉ ትልልቁ ሥራ ነው። ነገር ግን ግድብ ስለ ተሠራ ብቻ ውሃ ከሰው ደጅ አይደርስም። ከዋናው መስመር እስከ ሠፈር ያለችው ትንሿ ቅጥያ ናት የምታስቸግረው፤ እሷ የምትመጣው ደግሞ በማመልከቻ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። ውሃ የፈለገ ሰው የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ ይሄድ ነበር። በደጁ መስመር ያለፈለት ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ባለሙያ መጥቶ ይለካል፣ ግምት ይወጣል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ውል ይፈረማል፣ ቆጣሪ ይተከላል። መስመር የሌለበት ሠፈር ግን ነዋሪው ተሰብስቦ የመስመር ዝርጋታ መጠየቅ አለበት። መንገድ የሚቆረጥ ከሆነ ለዚያም ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል።

የኛ ሠፈር እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነበር። ሰልፉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀመራል። እንስራውና ጄሪካኑ ተራ ይይዛል፤ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፤ ጠቡም ለጉድ ነው። በዚያ ዓመት ኮሚቴ ተቋቋመና እኔ ገና የ24 ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ቦዩን ራሳችን ልንቆፍር፣ የባንቧውን ዋጋ ልናዋጣ ተስማማን። ማመልከቻውንም፣ የስም ዝርዝሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የስም ዝርዝር እንዲሁ ወረቀት ይመስለን ነበር። አይደለም። መሐንዲሱ የባንቧውን ውፍረት የሚወስነው ስንት ቤት ይጠቀምበታል ብሎ ነው። ለጥቂት ቤት ቀጭን ባንቧ፣ ለብዙ ቤት ወፍራም። አንዴ ከተቀበረ በኋላ ሌላ ሰው እንጨምር ቢሉ ውሃው ለማንም አይዳረስም፤ ያለው አማራጭ እንደገና ቆፍሮ መለወጥ ብቻ ነው።

እኛም መዋጮ የከፈሉትን 31 ቤቶች ጻፍን። ወንዝ ዳር ያሉት 14 ቤቶች መክፈል አልቻሉም። ከነሱም አንዲት እናት ቤቴ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ስሜን ብቻ ጻፍልኝ፣ ገንዘቡን ለፋሲካ እከፍላለሁ» አሉኝ። እኔም ኮሚቴው አልፈቀደም ብዬ መለስኳቸው። እውነቱን ለመናገር ኮሚቴውን አልጠየቅኩም። ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ጨርሼ ነበርና፣ ድምር 31 ብዬ አሥምሬበት ነበርና፣ እንደገና መጻፉ ታከተኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ፈቃዱ መጣ፣ ቦዩ ተቆፈረ፣ ውሃው ገባ፣ እልልታው ቀለጠ። ሁለት ዓመት ቆይተው የወንዝ ዳሮቹ ገንዘባቸውን ይዘው ሲያመለክቱ፣ ባንቧው አይችልም የሚል መልስ ተሰጣቸው። ስለዚህ ከኛው እየገዙ ይቀዱ ጀመር። በዚህም አላበቃም። ውሃ የገባበት ቤት ፍሳሽ ያወጣል፤ የላዩ ቤት የልብስ አጠባው፣ የጉድጓዱ ሙላት፣ ክረምት ሲመጣ ቁልቁል ወደነሱ ግቢ ይወርድ ጀመር። ውሃውን እኛ ወሰድን፣ እጣቢውን ለነሱ ሰጠን ማለት ነው። መስመሩ በወፍራም ባንቧ ተለውጦ እነሱ ደጅ የደረሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። እኒያ እናት ግን በ1988 ዓ.ም. አርፈው ነበር። የቀበራቸው ይኸው እድራችን ነው፤ ለለቀስተኛው ውሃ የተቀዳውም ከኔ ባንቧ ነበር። ያን ቀን ድንኳን ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ነው የዋልኩት።

አሁን ወደ ፍሳሹ ልመለስ። የቃሊቲው ማጣሪያ በ1970ዎቹ ሲሠራ አቅሙ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ተስፋፍቶ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲችል ተደረገ። ማጣሪያው ቢሰፋም ቅጥያ መስመር ያልደረሰው ሠፈር እንደኛ በጉድጓድና በመምጠጫ መኪና ይኖራል። የፍሳሽ ባንቧ ደግሞ እንደ ንጹሕ ውሃው ባንቧ በግፊት ሽቅብ አይሄድም፤ በራሱ ክብደት ቁልቁል ነው የሚፈሰው። ስለዚህ የላይ ቤት ፍሳሽ የግድ በታች ቤት በኩል ማለፍ አለበት። የወንዝ ዳር ሰዎች ካልተስማሙ መስመሩ መውጫ የለውም። ትናንት ከዝርዝር የተዋቸውን ሰዎች ዛሬ በደጃችሁ አሳልፉን ብለን ልንለምናቸው ነው።

በስብሰባው ላይ አንዳንዶቻችን ካርታ የሌለው አይጻፍ፣ ያልከፈለም አይጻፍ ስንል ሰማሁ። ይህን ንግግር እኔ ከ40 ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ በበኩሌ የማሳስበው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ የ45ቱም ቤት ስም በማመልከቻው ይጻፍ፤ መክፈል ያልቻለውን እድሩ ከካዝናው ከፍሎለት በየወሩ ከመዋጮው ጋራ ቀስ እያለ ይመልስ። ሁለተኛ፣ ካርታ ለሌላቸው ከወረዳው የነዋሪነት ደብዳቤ ቀድመን እንጠይቅላቸው፤ ቦዩ ሲቆፈርም በየደጃቸው የመቀጠያ ቦታ እንዲተውላቸው በጽሑፍ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የፈቃዱና የፕላኑ ቅጂ በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ። የ1974ቱ መስመር በየት እንደሚያልፍ ዛሬ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እድራችን ሰው ሲሞት ሀብታም ድሃ ሳይል እኩል ይቀብራል። በቁማችንስ እኩል ብንጻፍ ምን ይለናል? ማመልከቻውን ጻፍ ካላችሁኝ ዓይኔ ቢደክምም እጄ ገና ይጽፋል። ዘንድሮ ግን ድምሩን የማሠምረው ወንዝ ዳር ድረስ ወርጄ ቤቱን ሁሉ በየደጁ ከቆጠርኩ በኋላ ነው።