ቆሽት በሌላቸው ፍጥረታት የስኳር ቁጥጥር፦ አጭር ታሪክ

ስለ ደም ስኳር ቁጥጥር ሲነሣ የጤና ባለሙያው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ቆሽትንና ከእርሱ የሚመነጩትን ኢንሱሊንና ግሉካጎን ነው። ይሁን እንጂ ቆሽት የሌላቸው ነፍሳትም የስኳር መጠናቸውን ተቃራኒ ተግባር ባላቸው ሆርሞኖች እንደሚቆጣጠሩ ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የተካሄዱ ምርምሮች አረጋግጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ዋያትና ካልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በነፍሳት ደም ውስጥ ትሬሃሎስ የተባለ ስኳር በብዛት እንደሚገኝ ገለጹ። ትሬሃሎስ ሁለት የግሉኮስ ሞለኪሎች የተጣመሩበት ስኳር ሲሆን፣ የሚሠራውም የጉበትንና የስብ ክምችትን ተግባር አጣምሮ በያዘው «የስብ አካል» ውስጥ ነው።

በ1961 ስቲል የተባለው ተመራማሪ በበረሮ አንጎል አጠገብ ከሚገኘው ኮርፖራ ካርዲያካ ከተባለው ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ሲሰጥ የበረሮው የደም ስኳር ከፍ እንደሚል አሳየ። ይህም የሚሆነው በስብ አካል የተከማቸው ግላይኮጅን ስለሚፈርስ ነው። ግሉካጎን በጉበት ላይ የሚፈጽመው ተግባርም ይህንኑ ይመስላል። በ1976 ደግሞ ከአንበጣ የተገኘው የዚሁ ወገን ሆርሞን የ10 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት መሆኑ ታወቀ።

የኢንሱሊን አቻ የተገኘው ግን ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች የሐር ትልን የዕድገት ለውጥ የሚያስነሣውን የአንጎል ሆርሞን ለማጣራት ሲደክሙ፣ በ1984 ይፋ ያደረጉት ፕሮቲን ከኢንሱሊን ጋር የተዛመደ ሆኖ ተገኘ። በኋላም ቦምቢክሲን ተባለ።

በ2002 ሩሊፍሰን፣ ኪምና ነስ በፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ውስጥ ኢንሱሊን መሰል ሆርሞን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ባጠፉ ጊዜ ዕድገቱ ተጓተተ፤ የደም ስኳሩም ጨመረ። በ2004 ኪምና ሩሊፍሰን በዝንቡ እጭ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለስኳር ሕመምተኞች የሚታዘዙት የሰልፎኒልዩሪያ መድኃኒቶች ዒላማ የሆነው የፖታስየም መተላለፊያ የተገኘው ኢንሱሊን በሚያመነጩት ሕዋሳት ላይ ሳይሆን ግሉካጎን መሰሉን ሆርሞን በሚያመነጩት የኮርፖራ ካርዲያካ ሕዋሳት ላይ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው ቁም ነገር አለ። ሰልፎኒልዩሪያ ራሱ ኢንሱሊን አይደለም፤ መተላለፊያውን ዘግቶ ሕዋሱ ያለውን ሆርሞን እንዲለቅ ያደርጋል እንጂ። ስለሆነም ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳቱ ለጠፉበት የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኛ እንክብሉ የኢንሱሊን ምትክ ሊሆነው አይችልም። በነፍሳት ላይ የተገኘ ውጤትም፣ ሆርሞኖቹ ቢዛመዱም እንኳ፣ ሕዋሱ ሳይለይ በቀጥታ ወደ ሕመምተኛው ሊሻገር አይገባም።