ጉም ውስጥ የተጻፈ መዝገብ

አባቴን የቀበርንበት ዕለት ሰማዩ ምን ይመስል ነበር? ታላቅ እኅቴ ዝናብ ነበረ ትላለች፤ ጃንጥላ የያዘላትን ሰው ሳይቀር ታስታውሳለች። እኔ የሚታወሰኝ ግን ዓይኔን የወጋኝ ፀሐይ ነው። እናታችን ስንከራከር ሰምታ «የዚያን ቀን ሰማይ ማን አየና ነው ልጆቼ!» አለችን። ክርክሩ ዓመታት አልፈውታል፤ እስካሁን ግን አልተቋጨም። ሰው ያየውን ሰማይ ሳይሆን የተሰማውን ሰማይ ይዞ የሚኖር ይመስለኛል።

ስለ ቤን ኔቪስ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ባነበብሁ ቁጥር ይህ ክርክር ትዝ ይለኛል። እዚያ ተራራ ራስ ላይ ሰማዩን በየሰዓቱ እየተመለከቱ የጻፉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይለዩ የጻፉ ሰዎች ነበሩና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤን ኔቪስ በምዕራብ ስኮትላንድ የሚገኝ፣ 1345 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ደጋ ላይ ላደግን ለእኛ ቁጥሩ አያስደንቅም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ እጅግ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ይሁን እንጂ ከብሪታንያ ተራሮች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው፤ የቆመውም የአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዕበል በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የጫፉ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ዝቅ ይላል። በዓመት የሚወርድበት ዝናብና በረዶ 4000 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ከምታገኘው ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። እኛ ክረምት ብለን መግቢያና መውጫ ያበጀንለት ነገር እዚያ ወሰን የለውም።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሰው እግር ነው። በ1881 ክሌመንት ራግ የሚባል እንግሊዛዊ ከጁን 1 አንሥቶ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ በየዕለቱ ወደ ተራራው ጫፍ እየወጣ ይመለስ ነበር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከፎርት ዊልያም ከተማ ይነሣል፤ ላይ ደርሶ መሣሪያዎቹን ያነባል፤ ባለቤቱ ደግሞ ታች በባሕሩ ዳርቻ በዚያችው ሰዓት የራሷን መሣሪያ ታነባለች። ሁለቱ ንባቦች ሲነጻጸሩ ከባሕር ወለል እስከ ተራራ ራስ ያለው አየር ምን እንደሚመስል ይታወቃል፤ ማዕበልም ሳይደርስ ይታወቅ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። የስኮትላንድ የሚቲዎሮሎጂ ማኅበር ለድካሙ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። የሕዝብ መዋጮ ተሰብስቦ የድንጋይ ቤት ተሠራ፤ ኦክቶበር 17 ቀን 1883ም ተመረቀ። ራግ የጣቢያው ኃላፊ ለመሆን አመልክቶ ነበር፤ የተመረጠው ግን ሮበርት ኦሞንድ የተባለ ሌላ ሰው ሆነ። መንገዱን በእግሩ የጠረገው ሰው ቤቱን አልወረሰም፤ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ማዕበሎችን በሰው ስም በመጥራት ታወቀ።

ጣቢያው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሙሉውን የሠራበት የመጀመሪያ ዓመት 1884 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1876 ዓ.ም. ወደ 1877 የሚሻገርበት፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ አድዋ ላይ የሂዊትን ውል የተፈራረሙበት ዓመት ማለት ነው። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነበረው። ስለዚህ ዓመቱ 8784 ሰዓታት አሉት።

ይህን ቁጥር በትዕግሥት እንድናስበው እወዳለሁ። እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ሰው ከእሳቱ አጠገብ ተነሥቶ፣ ሌሊት ከሆነ ፋኖስ ይዞ፣ በር ከፍቶ የወጣበት ሰዓት ነው። የባሮሜትሩን ግፊት ያነባል። ደረቁንና እርጥቡን ቴርሞሜትር ያነባል። የዝናቡን መጠን፣ የደመናውን ዓይነት፣ የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፋል። የነፋስ መለኪያው በአመዳይ እየተጋገረ መዞር ስለሚያቆም የነፋሱን ኃይል በገዛ አካሉ ይገምታል፤ ቆሞ መራመድ ይቻላልን? ጎንበስ ማለት ያስፈልጋልን? ከዚያ ይገባና ቁጥሩን በአምዱ ላይ ያሰፍራል። ከስልሳ ደቂቃ በኋላ እንደገና ይነሣል። ጥቂት ሰዎች በተራ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

መዝገቡን ለማየት የሚቀርብ ሰው ጀብዱ ቢጠብቅ የሚያገኘው በብዛት ጉም ነው። የተራራው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ደመና ውስጥ ነው። ትናንት ጉም፣ ዛሬ ጉም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም። ባንክ ቤት ስለምሠራ የዚህ ፈተና ይገባኛል። የሰው ልብ የሚደክመው ነገር ሲከብድ ብቻ አይደለም፤ ነገር ሲደጋገምም ነው። ባለፈው ሰዓት የተጻፈውን ቁጥር ሳይወጡ ገልብጦ መተኛት ምን ያህል ቀላል ነበር! ማንም አያያቸውም፤ አለቃ እንኳ ቢነቃ የሚያየው ያንኑ ጉም ነው። «ትናንትም ዛሬም ያው ነው» ብሎ መጻፍ የሚችለው ግን ዛሬን ወጥቶ ያየ ሰው ብቻ ነው።

ቴርሞሜትሮቹ ያሉባት ነጭ የእንጨት ሣጥን ነፋስ እንድታስገባ፣ የፀሐይ ጨረርና ዝናብ ግን እንዳታስገባ ተደርጋ የተሠራች ናት። ይህች ሣጥን ዛሬም በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ግቢ ቆማ ትታያለች። የፈጠሯት የመብራት ቤቶች መሐንዲስ የነበሩት ቶማስ ስቲቨንሰን ሲሆኑ፣ የደራሲው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አባት ናቸው። አባትየው ልጃቸው የምህንድስናውን ሙያ ትቶ ወደ ድርሰት በመሄዱ አዝነው ነበር። ጣቢያው ተመርቆ ወር እንዳለፈው፣ በኖቬምበር 1883፣ የልጅየው «ትሬዠር አይላንድ» በመጽሐፍ መልክ ታተመ። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ የሞተው የባሕር ወንበዴ ሣጥን ተከፍቶ ዕቃው አንድ በአንድ የሚዘረዘርበት ቦታ አለ፤ ዝርዝሩን ያዘጋጁለት አባቱ እንደ ነበሩ ደራሲው ራሱ በኋላ ጽፏል። ቁጥርና ዝርዝር የግጥምና የተረት ባላንጣ ነው ለምንል ለእኛ ይህ ጥሩ ምስክር ይመስለኛል። አንድ እጅ ለሳይንስ ሣጥን ሠራ፤ ያው እጅ ለተረት ሣጥን ሞላ።

ወደ 1884 እንመለስ። ጃንዋሪ 26 ታላቅ ማዕበል ስኮትላንድን መታ። በዚያ ዕለት ኦክተርታየር በተባለ ስፍራ የተለካው የአየር ግፊት 925.6 ሄክቶ ፓስካል ነበር፤ በብሪታንያ ደሴቶች ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ዝቅተኛው ነው። አዲሱ ጣቢያ ገና በመጀመሪያው ክረምቱ እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀበለ። በዚያው ዓመት በጋ፣ ማለትም የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት በሚሆንበት ወቅት፣ ቤቱ ሰፋ፤ በረዶ በሩን ሲደፍነው የሚወጡበት ግንብም ተጨመረለት። ደጃፍ ሲዘጋ ተመልካቹ ወደ ላይ ወጥቶ በግንቡ በር በኩል ወደ መሣሪያው ይወርዳል። ለጥቂት ሰዓታት ነፋሱ ፈጽሞ መውጣት የከለከለበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ በቀር መዝገቡ ቀጠለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ምን አፈራ? በተስፋ የተጠበቀው የማዕበል ትንበያ እንደታሰበው አልሆነም። ገንዘቡም ሁልጊዜ ያጥር ነበር። የመንግሥት ድጎማ ጣቢያውን ማቆም ስላልቻለ ኦክቶበር 1 ቀን 1904 በሩ ተዘጋ፤ ዛሬ ከተራራው ራስ ላይ የሚታየው ፍርስራሽ ነው። በሂሳብ ዓይን ብናየው ወጪው የበዛ፣ ገቢው የማይታይ መዝገብ ነበር።

ነገር ግን የመዝገብ ትርፍ የሚሰላው መዝገቡ በተዘጋበት ቀን አይደለም። በሴፕቴምበር 1894 ቻርልስ ዊልሰን የተባለ ወጣት ተመልካቾቹን ለመተካት ሁለት ሳምንት ያህል እዚያ ቆየ። ፀሐይ ደመናውን ስትመታ፣ በጉሙ ላይ የወደቀ ጥላን የከበቡ ባለ ቀለም ክቦችን አየ፤ ያንንም በቤተ ሙከራ ለመድገም ተነሣ። ሰው ሠራሽ ደመና ለመፍጠር የጀመረው ሙከራ በ1911 የአቶም ቅንጣቶችን የጉዞ ፈለግ ለዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ሆነ። በ1927ም የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

በ2017 ደግሞ ከሦስት ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ የሳይንስ ሰዎች ያልሆኑ፣ በየቤታቸው ተቀምጠው የቤን ኔቪስን የታተሙ ሰንጠረዦች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቁጥር እያነበቡ ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ። የጥንቱን አየር ከዛሬው ጋር ማነጻጸር የሚቻለው እንዲህ ነውና። ከዚያው ጥረት የቀጠለ ሥራ በፌብሩዋሪ 1903 አየርላንድንና ብሪታንያን የመታውን ማዕበል እንደገና ለመገንባት ረዳ፤ ጥናቱ በ2023 ታተመ። ማዕበሉ የተሰየመው በጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» ነው፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ባለፈው ዓመት ነፋስ የወደቁ የደብሊን ዛፎች ይነሣሉና። የልብ ወለዱ ታሪክ የሚውለው በአንድ ቀን፣ ጁን 16 ቀን 1904 ነው። ቤን ኔቪስ በዚያ ቀን ገና አልተዘጋም ነበር። ጆይስ የአንዲት ከተማን አንድ ቀን በየሰዓቱ ሊጽፍ ነው፤ የተራራው ሰዎች ያንኑ ቀን በየሰዓቱ ጽፈው ጨርሰዋል። አንዳቸው ስለ ሌላው አያውቁም።

በ1884 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋኖስ ይዞ የወጣው ሰው ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ማዕበል አስቀድሞ ለማወቅ ጻፈ፤ ያ አልሆነም። ሌላው ሁሉ የሆነው ያየውን ስለጻፈና ያላየውን ስላልጻፈ ነው። ለማን እንደሚጠቅም ባለማወቁ አላጭበረበረም፤ የማይታወቅ አንባቢ አደራ ይሉሃል ይህ ነው።

የእኅቴና የእኔ ክርክር እንግዲህ እንደተንጠለጠለ ይኖራል። አሁን ግን አንድ ልማድ ይዣለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ በአንዲት ደብተር ላይ ቀኑንና ሰማዩን አሰፍራለሁ፤ «ከሰዓት በኋላ ካፊያ፣ ወደ ማታ ጠራ» ብቻ ነው፤ ግጥም የለበትም። ልጆቼ አንድ ቀን ስለ አንድ ቀን ሲከራከሩ ደብተሯን ይከፍቷት ይሆናል።