ያልተጻፈ ሁሉ የተሻረ አይደለም፦ የፋየርዎል ገቢ ደንቦችን ስለ መሻር



የፋየርዎል ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የግንባታ ታሪክ ነው፤ ማን ምን ዓይነት መከላከያ ሠራ፣ የትኛው ትውልድ የትኛውን ተካ። እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚያ አነስ ያለ፣ በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችን ግን ይበልጥ የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው፤ አንድ ጊዜ የተከፈተ መግቢያ እንዴት ይዘጋል? «ገቢ ደንብ» የምለው ከውጭ ወደ አንድ ኔትወርክ ወይም ሰርቨር ለሚመጣ ግንኙነት ፈቃድ የሚሰጠውን መስመር ነው፤ ከየትኛው አድራሻ፣ በየትኛው ፕሮቶኮል፣ ወደ የትኛው ፖርት። እንዲህ ያለውን መስመር መጨመር ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀላል ነበር። መሻሩ ግን መልኩን እየለዋወጠ እስከ ዛሬ ያስቸግራል። ከችግሩም ሥር ለታሪክ ተመራማሪ እንግዳ ያልሆነ ጥያቄ አለ፤ መዝገብ ዝም ሲል ዝምታውን እንዴት እንተርጉመው?

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «የእሳት ግድግዳ» የሚለው ትርጉም እኔን አይጥመኝም። ፋየርዎል አላፊ አግዳሚውን ጠይቆ፣ ፈቃድ ያለውን አሳልፎ፣ የሌለውን የሚመልስ ኬላ ነው። ኬላ ደግሞ የሚሠራው በእጁ ባለው መዝገብ ልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ የለቀቀው ዎርም በጊዜው ከኢንተርኔት ጋር ከተያያዙት 60,000 ገደማ ኮምፒውተሮች በግምት 6,000 ያህሉን አጠቃ። እስከዚያ ድረስ ኢንተርኔት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ሰፈር ነበር፤ በሩን የሚቆልፍ ጥቂት ነው። በማግሥቱ ዓመት የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ተመራማሪ ጄፍ ሞጉል እያንዳንዱን ፓኬት በተጻፈ ደንብ የሚመረምር ፕሮግራም አቀረበ። በ1990ዎቹም የደንብ ዝርዝር መጻፍ የኔትወርክ ባለሙያ የዕለት ተግባር ሆነ።

በዚያ ዘመን እጅግ ተስፋፍተው በነበሩት የሲስኮ ራውተሮች ላይ ደንቦቹ በቁጥር በሚጠራ ዝርዝር ይጻፉ ነበር፤ ለምሳሌ ዝርዝር 101። ባለሙያው ከዝርዝሩ አንዲት መስመር ብቻ ለማንሣት ፈልጎ ያቺን መስመር ከፊቷ «ኖ» ጨምሮ ቢጽፍ፣ የሚጠፋው መስመሯ ብቻ አልነበረም፤ ዝርዝር 101 በሙሉ ይጠፋ ነበር። ከዚህም የባሰ አለ። ዝርዝሩ ጠፍቶ ቁጥሩ በመግቢያው ላይ ተመዝግቦ ከቀረ፣ ራውተሩ ባዶውን ዝርዝር እንደ ክልከላ አልቆጠረውም፤ ሁሉንም አሳለፈ። አንዱን መግቢያ ልዝጋ ያለ ሰው ሁሉንም ከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያዎች ዝርዝሩን ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ገልብጠው፣ እዚያ አርመው፣ አሮጌውን ሰርዘው አዲሱን መልሰው ይለጥፉ ነበር። ፋይሉንም ያስቀምጡታል። ዛሬ «ኢንፍራስትራክቸር በኮድ» የምንለው አሠራር አንዱ ሥሩ ይኸው ይመስለኛል፤ የተወለደውም መሰረዝ ስለሚያስፈራ ነው።

ፍርሃቱ በቁጥርም ታይቷል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው አቪሻይ ዉል እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት በሥራ ላይ የነበሩ 37 የፋየርዎል ደንብ ስብስቦችን መርምሮ፣ ስብስቡ በተወሳሰበ መጠን ስሕተቱም እንደሚበዛ አሳየ። እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው፤ ደንቦች ይጨመራሉ፣ የጨመራቸው ሰው ሥራ ይለቅቃል፣ ተተኪው ደግሞ ለምን እንደተከፈተ የማያውቀውን በር ለመዝጋት አይደፍርም። ዋጋው ምን እንደሆነ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በጃንዋሪ 2003 ስላመር የተባለው ዎርም በዩዲፒ ፖርት 1434 እየገባ፣ ተጋላጭ ከነበሩት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹን ለመያዝ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ፈጀበት። የኤስኪውኤል ሰርቨርን ድክመት የሚጠግነው ማስተካከያ ከወጣ ወራት አልፈውት ነበር። ያም ፖርት ለመላው ዓለም ክፍት የሚሆንበት ምክንያት በአብዛኞቹ ቦታዎች አልነበረም።

ወደ ክላውድ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አማዞን ኢሲ2 የተባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ለሙከራ አቀረበ። አገልግሎቱን የሠራው በክሪስ ፒንከም የሚመራው ቡድን ተቀማጭነቱ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ነበር፤ በአህጉራችን ስለ ክላውድ ስናስተምር ይህን አዘውትረን ብናነሣው ጥሩ ነው። በዚህ አገልግሎት ፋየርዎሉ «ሴኩሪቲ ግሩፕ» ተባለ፤ አዲስ ሲፈጠር ከውጭ ምንም አያስገባም፤ በውስጡም የሚጻፈው የፈቃድ ደንብ ብቻ ነው። የክልከላ ደንብ የሚባል ነገር የለውም። ስለሆነም በሴኩሪቲ ግሩፕ ውስጥ መዝጊያው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ የተሰጠውን ፈቃድ መሻር።

ሥራውም በሁለት የፕሮግራም ጥሪዎች ተከፈለ፤ አንዱ ፈቃድ ይሰጣል፣ ሌላው ይሽራል። ለመሻር ግን ደንቡ ሲጻፍ የነበሩትን ፕሮቶኮል፣ ፖርትና የመነሻ አድራሻ በትክክል መድገም ያስፈልግ ነበር። የተጠቀሰው ከተመዘገበው ካልገጠመ ምን ይሆናል? ተጠቃሚው ራሱ በፈጠረው ኔትወርክ ላይ ስሕተት መሆኑ ይነገረዋል። አማዞን አስቀድሞ በሚያዘጋጀው ነባሪ ኔትወርክ ላይ ግን የስሕተት መልእክት አይመጣም፤ ያልተሻሩት ደንቦች በምላሹ ውስጥ ይዘረዘራሉ እንጂ። ምላሹን የማያነብ ፕሮግራም ሥራውን እንደ ፈጸመ ይቆጥራል፤ በሩ ግን ክፍት ነው። እያንዳንዱ ደንብ የራሱ መለያ ቁጥር አግኝቶ በዚያ ቁጥር ብቻ መሻር የተቻለው በ2021 ነው። አንድን ነገር ለመሻር መጀመሪያ ስም ሊኖረው ይገባል፤ ይህ እስኪታወቅ 15 ዓመት መፍጀቱ ያስገርመኛል።

አሁን ለዚህ ንግግር ርዕስ ወደ ሰጠኝ ነጥብ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ቴራፎርም ባለሙያው የሚፈልገውን ሁኔታ በኮድ እንዲገልጽ፣ መሣሪያውም ያለውን ከተፈለገው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። በዚህ አስተሳሰብ ደንብን ለመሻር መስመሩን ከኮዱ ማጥፋት ሊበቃ ይገባል። በአንድ ሴኩሪቲ ግሩፕ መግለጫ ውስጥ አምስት ገቢ ደንቦች ጽፋችሁ አንዱን ብታጠፉ፣ በእርግጥም ያ ደንብ ይሻራል። አምስቱንም ብታጠፉ ግን አንዱም አይሻርም! መሣሪያው «ምንም ለውጥ የለም» ይላል፤ አምስቱም በሮች እንደተከፈቱ ይቀራሉ። በሲስኮ ዘመን አንዱን የነካ ሁሉንም ያጣ ነበር፤ እዚህ ሁሉንም የነካ አንዱንም አይነካም።

ይህ የአሠራር እንከን ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ምክንያት አለው። ደንቦችን ከቡድኑ መግለጫ ውጭ፣ ለየብቻቸው መጻፍም ይቻላል። ስለዚህ መግለጫው ስለ ገቢ ደንቦች ዝም ሲል፣ መሣሪያው ዝምታውን «ይህ ጉዳይ አይመለከተኝም» ብሎ ይተረጉመዋል። «ምንም ደንብ እንዳይኖር እፈልጋለሁ» ለማለት ባዶ ዝርዝር በግልጽ መጻፍ ግድ ነው፤ «ኢንግረስ» ብሎ፣ የእኩል ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ ባዶ ቅንፍ። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡ አዋጆቻችን መጨረሻ አካባቢ «የተሻሩ ሕጎች» የሚል አንቀጽ የሚጨመረው ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ ነው፤ አዲሱ አዋጅ አሮጌውን ስላልጠቀሰው ብቻ አሮጌው ሞተ ማለት አይቻልም። በቤተ ሙከራ ይህን መልመጃ ስሰጥ፣ መስመሮቹን አጥፍቶ «ምንም ለውጥ የለም» የሚለውን መልስ የስኬት ምልክት አድርጎ የሚያስረክብ ተማሪ በየዓመቱ አለ።

ለየብቻ የተጻፉ ደንቦች ይህን ችግር ያቃልላሉ፤ መግለጫው ሲጠፋ ደንቡም ይሻራል። ነገር ግን ሌላ ሰው በእጁ፣ ከኮዱ ውጭ የጨመረውን ደንብ ቴራፎርም አያየውም። ሁሉም በአንድ መግለጫ ሲጻፍ ግን እንግዳው ደንብ ይታያል፣ ይሰረዛልም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ብዙ እጅ በሚገባበት ተቋም ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመሣሪያው ሰነድ ራሱ የሚመክረው ግን የመጀመሪያውን ነው። በሁለቱም መንገድ ኮዱ አንድ ትልቅ ነገር ያተርፍልናል፤ ለውጡን ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንዳደረገ የሚናገር መዝገብ። ዉል ባጠናቸው ፋየርዎሎች ተተኪውን ባለሙያ ያስፈራው የዚህ ምክንያት መጥፋት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነጥብ ይቀረኛል። ደንቡ በትክክል ተሽሮ እንኳ፣ በዚያ ደንብ ቀድሞ የገባ ግንኙነት ወዲያውኑ ላይቋረጥ ይችላል። ሴኩሪቲ ግሩፕ የጀመራቸውን ግንኙነቶች ስለሚያስታውስ፣ የሚመላለስ መልእክት እስካለ ድረስ ያሳልፋል፤ መልእክት ባይኖርም በብዙዎቹ የሰርቨር ዓይነቶች ላይ አንድ የቲሲፒ ግንኙነት ሳይረሳ የሚቆየው 432,000 ሰከንድ ነው፤ 5 ቀን። ሰርጎ ገብ አግኝቶ በሩን የዘጋ ባለሙያ ሰውየውን ቤት ውስጥ ቆልፎበት ሊሆን ይችላል። ወዲያው ለማቋረጥ፣ ግንኙነትን በማያስታውሰውና የክልከላ ደንብ በሚቀበለው የኔትወርክ አክሰስ ሊስት መከልከል ያስፈልጋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሰን የምንይዘው ያንኑ የራውተር ዓይነት ዝርዝር ነው።