ስስ ጨርቅ ያለበትን ፎቶ ከጀርባው ለመለየት

የሙሽራን ፎቶ ከተነሳችበት ቦታ ቆርጦ በሌላ ምስል ላይ ማስቀመጥ ዛሬ ለፎቶ ቤቶች የደቂቃዎች ሥራ ነው፡፡ ችግሩ የሚታየው ዓይነ ርግቡ ላይ ነው፡፡ በስስ ጨርቁ ውስጥ ይታይ የነበረው ሣር ወይም ግድግዳ አብሮ ይመጣል፤ አለዚያም ጨርቁ ተቆርጦ ይጠፋል፡፡ ነጠላ፣ ብርጭቆና ጭስም ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው፡፡

ተራ መቁረጫ የፎቶውን እያንዳንዱን ነጥብ (ፒክስል) ‹‹ይቆይ›› ወይም ‹‹ይጥፋ›› ብሎ ብቻ ይወስናል፡፡ በስስ ጨርቅ ላይ ያለ ነጥብ ግን የጨርቁና ከኋላው ያለው ነገር ቀለም ድብልቅ ነው፡፡ ስለዚህ ነጥቡ ምን ያህል እንደሚያሳልፍና የጨርቁ የራሱ ቀለም ምን እንደሆነ ለየብቻ መታወቅ አለበት፡፡

የማሳለፉን መጠን የሚይዘው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ የሚመጣው ‹‹አልፋ ቻናል›› ነው፡፡ ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፈጠሩት ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር 0 ሙሉ በሙሉ የሚያሳልፍ፣ 255 ደግሞ ፈጽሞ የማያሳልፍ ማለት ነው፡፡

ለማይንቀሳቀስ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለሽያጭ ለሚቀርብ ነጠላ፣ አስተማማኙ ዘዴ ካሜራውንም መብራቱንም ሳይነኩ በነጭና በጥቁር ጀርባ ሁለት ፎቶ ማንሳት ነው፡፡ ስሚዝና ጂም ብሊን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የዚህን መንገድ ስሌት አሳይተዋል፡፡ ነጩ ጀርባ 255፣ ጥቁሩ 0 ነው እንበል፡፡ የአንድ ነጥብ ቀይ መጠን በነጩ ላይ 220፣ በጥቁሩ ላይ 92 ከሆነ ልዩነቱ 128 ነው፡፡ ይህን ከ255 ስንቀንስ አልፋው 127፣ ግማሽ ያህል ይሆናል፡፡ 92ን በ255 አባዝተን ለ127 ስናካፍል የጨርቁ ትክክለኛ ቀይ መጠን 185 ገደማ ይመጣል፡፡

ሰው ግን ስለሚንቀሳቀስ በፎቶሾፕ ወይም በጂምፕ ‹‹ሌየር ማስክ›› መጠቀም ይሻላል፡፡ ማስኩ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል፣ ግራጫ በከፊል ያሳልፋል፡፡ ዓይነ ርግቡን በግራጫ ብሩሽ ከሠሩ በኋላ፣ የቀረውን የሣር አረንጓዴ በጨርቁ ቀለም መሸፈን ያስፈልጋል፡፡

አሁን በአንድ ጠቅታ ጀርባን የሚያነሱ ፕሮግራሞች አሉ፡፡ ውጤታቸውን ለማጣራት ምስሉን በነጭ፣ በጥቁርና በደማቅ ቀይ ላይ እያስቀመጡ ማየት ይበቃል፤ የተደበቀው እንከን አንዱ ላይ ይወጣል፡፡

ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን በፒኤንጂ ያስቀምጡ፡፡ የተለመደው ጄፔግ አልፋ አይዝም፤ ጊፍም ከፊል ማሳለፍን አያውቅም፡፡ ዋናውን ፎቶም ሳይነኩ ይያዙ፤ ሠርግ እንደገና አይነሳምና፡፡