ካሜራውና ሊቁ

ለመሆኑ ጽሑፍን በመሣሪያ መቅዳትና ዕውቀትን መጠበቅ አንድ ናቸው ይላሉ? የብራና መጻሕፍታችን ታሪክ እንደዚያ አይልም።

በ1973 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ሥራውን አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። በዓመታት ውስጥ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ፤ ቅጂውም አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ወደሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ተላከ።

ካሜራው ግን ገጹን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። ድርሰቱ የማን እንደሆነ፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ በኅዳጉ ላይ የሰፈረው ምን እንደሆነ የሚለይ ሊቅ ያስፈልግ ነበር። በ1975 በጥይት ተመትተው ሽባ የሆኑት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1976 ሚኔሶታ ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ፊልሙን እያነበቡ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ዝርዝር አዘጋጁ። ተመራማሪው ዛሬ የሚፈልገውን መጽሐፍ የሚያገኘው በዚህ ዓይነቱ ድካም ነው። እሳቸው በ2021 አረፉ፤ ዝርዝሩ ግን ቀረልን።

በየከተማው ያሉ ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችንም ቃለ ጉባኤያቸውንና ፎቶግራፋቸውን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባሉ። መልካም ነው። ሆኖም በፎቶግራፉ ላይ የቆሙት እነማን እንደሆኑ፣ ውሳኔውም ለምን እንደተወሰነ ኮምፒዩተሩ አይነግርዎትም። የማኅበርዎ መሥራቾች በሕይወት ሳሉ ይጠይቋቸው፤ የነገሩዎትንም ከፎቶግራፉ ጋር ጽፈው ያስቀምጡ።